ለመቶ አለቃ አምዴ የተተከለው ድንኳን

ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የአዳራሽ ዝግጅት ኃላፊ ነኝ። ሠርግ፣ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ የምረቃ ምሳ ሲኖር ወንበሩን የማስደረድር፣ ማይኩን የማስሞክር፣ ምግቡ ሲዘገይ የምሰደብ እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም ስላየሁ፣ በቃ፣ ለምጄዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት ስም ግን ኑሮዬን ለሁለት ከፈለው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አባቴን በሥጋ አላውቀውም። እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች ነው የሶማሊያ ጦርነት የወሰደው። መቶ አለቃ አምዴ ወርቅነህ ይባላል፤ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ነበር። ናቪጌተር ማለት አብራሪው ሲያበር ከኋላው ተቀምጦ አቅጣጫ የሚያወጣ፣ ዒላማው ላይ ሲደርሱም ቦምቡን የሚለቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከአብራሪው ጋር ከደብረ ዘይት ተነሡ፤ በዚያው ቀሩ። ለእናቴ የተነገራት የገቡበት አልታወቀም የሚል ብቻ ነበር።

ሰንበትበት ሲል ደግሞ ከሰፈሩ ካድሬዎች አንዱ በስብሰባ መሐል ተነሥቶ፣ ሁለቱም አውሮፕላኑን ይዘው ለጠላት ገብተዋል ብሎ ተናገረ። ማስረጃ አልነበረውም። ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። ትናንት እንጀራዋን የበሉ ጎረቤቶች ሰላምታ ነሷት። ሆዷ እየገፋ ሻንጣዋን ይዛ ካዛንቺስ አክስቷ ቤት ገባች፤ እኔም እዚያ ተወለድኩ። ከዚያ ወዲያ ከአየር ኃይል ሰው ጋር የሚያገናኛትን ነገር ሁሉ ቆረጠች።

እናቴ አስናቀች ትባላለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ባል አላገባችም፤ ጥቁር አልለበሰችም፤ ተዝካር አላወጣችም። ዘመድ ሲወተውታት፣ "ሞተ ያላሉኝን ሰው አላለቅስለትም" ትላለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። የሰፈራችን ዕድር አባል ናት። የማንም ሰው ለቅሶ ላይ ቀድማ የምትደርስ፣ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ ሐዘንተኛ ደግፋ የምታስቀምጥ እሷ ናት። ለራሷ ግን ድንኳን ጠይቃ አታውቅም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ስለ አባቴ ስጠየቅ "ውጭ አገር ነው" እል ነበር። ካደግሁ በኋላ "ታሞ ሞቷል" ማለት ጀመርኩ፤ ይሄኛው ጥያቄ አያስከትልም። ውስጤ ግን ለማንም የማልናገረው ነገር ነበር። እውነት ከድቶ ቢሆንስ? አንድ ቦታ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ሌላ ልጅ ወልዶ ቢሆንስ? ማለቴ፣ እናቴ በር በሩን እያየች ስታረጅ እሱ በሰላም እየኖረ ቢሆንስ? ይህን እያሰብኩ ነው ትልቅ ሰው የሆንኩት።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ የካዛንቺስ ሰው ተበተነ። አንዳንዱ ገላን፣ አንዳንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዳንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። እኛ ለሥራዬ እንዲቀርበኝ መስቀል ፍላወር አካባቢ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን።

ያ ቅዳሜ እንግዲህ በዚህ መሐል የመጣ ነው። አዳራሹን የተከራዩት የቀድሞ አየር ኃይል ባልደረቦች ናቸው፤ በየዓመቱ የወደቁ ጓዶቻቸውን ያስባሉ። ሌላ ጊዜ የሚገናኙት ቢሾፍቱ ነው፤ የዚያን ዓመት ለአዲስ አበባዎቹ እንዲመች ብለው እኛ ጋ መጡ። "አየር ኃይል" የሚለውን ሳይ ትንሽ ቀፎኝ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስተናግጄ ልሸኛቸው ነበር ሐሳቤ።

ከምሳ በፊት ተነሥተው ቆሙ። ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዳንዱ በከዘራ፣ አንዳንዱ የጎኑን ሰው ትከሻ ይዞ። ሻማ እየለኮሱ በየተራ የአንድ ጓድ ስም ይጠራሉ፤ ሌላው "ነፍስ ይማር" ይላል። እኔ ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ቆሜያለሁ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ረጅም ሽማግሌ ማይኩን ተቀበለ። ሻማውን የጎኑ ሰው ለኮሰለት።

"መቶ አለቃ አምዴ ወርቅነህ" አለ። ሻማውን ከፍ አደረገ። "ናቪጌተሬ።"

የድምፅ ባለሙያው "ምሕረት፣ ምን ሆነሻል?" ሲለኝ እንደ ሩቅ ድምፅ ነው የሰማሁት። ያንን ስም ከእናቴ አፍ ውጪ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያውም በክብር፣ ያውም ቆመው።

ምሳው ሲቀርብ ሽማግሌው ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄድኩ። ስንት ሺህ እንግዳ ያነጋገርኩ ሰው በምን እንደምጀምር ጠፋኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅድም ስሙን የጠሩት ሰው…"

"አቤት ልጄ?"

"አባቴ ነው።"

መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ። ግራ ዓይኑ የለም፤ ቀኙ ደግሞ እንባ ያዘለ ይመስላል። ያቺን አንድ ዓይን ፊቴ ላይ ተክሎ ብዙ ጊዜ አየኝ።

"ከማን የተወለድሽ?"

"ከአስናቀች። እርግዝና ላይ ሳለች ነው አባቴ…"

"አስናቀች ከአገር ወጥታለች ብለውኛል። ከእስር ስመለስ ደብረ ዘይት ቤት ለቤት ጠይቄያለሁ። አግብታ ውጭ ሄደች፤ አሉኝ።"

"ከአገር ወጥታ አታውቅም ጋሼ፤ ካዛንቺስ ነው የኖረችው። አላገባችምም።"

ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ገረመው እባላለሁ፤ ሻምበል ገረመው፤ የዚያች አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ፤ አለኝ። ማርከውኝ ከአሥር ዓመት በላይ ታስሬ ተመለስኩ፤ ከዚያ አዳማ ሒሳብ ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ፤ አለኝ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር መስማት የምፈልገው።

"አባቴ ከድቶ ነው?" አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የታፈነ ጥያቄ እንዲሁ አመለጠኝ።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ሰው።"

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ቀጥሎ፣ "ይህን ነገር መጀመሪያ መስማት ያለባት እናትሽ ናት" አለኝ። "እሷን አስቀርቼ ለአንቺ ብነግርሽ አምዴን ሁለተኛ እንደበደልኩት ነው።"

ሁለተኛ። ያቺ ቃል ቀኑን ሙሉ ስታኝከኝ ዋለች። አንደኛውስ በደል ምንድነው? ሻምበሉ ያን ቀን ለገሃር አካባቢ ወዳጁ ቤት ነበር የሚያድረው። ስልኩን ሰጥቶኝ፣ "ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልምጣ፤ ከፈቀደች" አለኝና ተለያየን።

ቤት ስገባ እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ ዛሬ ሆቴል አንድ ሰው አገኘሁ። ገረመው የሚባል።"

ቢላዋውን አቆመች። "የቱ ገረመው?"

"ሻምበል ገረመው። አብራሪው።"

"ገረመው አለ?"

"አለ።"

ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ብቻውን?" አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተጠይቄ አላውቅም። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ነገር እያየሁ መመለስ ነበረብኝ። "ብቻውን ነው እማዬ።"

ሽንኩርቱን ከነሳህኑ ወደ ጎን ገፋችው። "እንዳይመጣ ንገሪው።"

"ለምን?"

"ሁለቱ አብረው ነው የጠፉት። ገረመው የት እንዳለ ባልታወቀ ጊዜ አምዴም የት እንዳለ አይታወቅም ነበር። ገረመው ብቻውን ከመጣ ግን…" አልጨረሰችውም። ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው።

ተከትያት ልገባ እጀታውን ያዝኩና ተውኩት። እናቴ ቤቷ ሲፈርስ እንኳ አላለቀሰችም፤ ዕቃዋን ቆማ አስጭና "እንሂድ" ያለች ሴት ናት። በር ስትዘጋ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና፣ "በይ ደውዪለት" አለችኝ። "ይህን ሁሉ ዘመን መልስ ስጠብቅ ኖሬ፣ መልሱ ደጄ ሲደርስ ብዘጋበት እግዜር ይታዘበኛል።"

ሻምበሉ ደረጃውን እየደገፍኩት ወጣ። ኮቱን ከነከረባቱ ለብሷል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ተያዩ። አልተቃቀፉም፤ አልተላቀሱም።

"አስናቁ" አላት።

"ገረመው። አርጅተሃል።"

"ዕድሜ ነዋ። አንቺ ግን ያው ነሽ።"

"አትዋሽ። ግባና ተቀመጥ።" እኔ ወደ ወጥ ቤት ስል፣ "ምሕረት፣ ምንም አታቅርቢ" አለችኝ። "መጀመሪያ ያውራ። እህሉ ይደርሳል።"

ሻምበሉ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀመረ። እንዳወራው ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ስላስወራሁት በቃሌ ነው የያዝኩት።

"ግዳጃችንን ፈጽመን ፊታችንን ወደ ቤት አዙረን ነበር። ከመሬት ተኮሱብንና አንዱ ጥይት ከፊቴ ፈነዳ። መስታወቱ ረግፎ ፊቴን ሞላው። እሳት የገባብኝ ነው የመሰለኝ። ዓይኔን ብገልጥ ምንም የለም፤ ደም ብቻ። 'አምዴ፣ ዓይኔ ጠፋ' አልኩት።"

"ምን አለህ?" አለች እናቴ።

"'የእኔ አለልህ' አለኝ።"

እናቴ አንገቷን ደፋች። ሻምበሉ ቀጠለ።

"ከወንበሩ ተነሥቶ ከትከሻዬ ኋላ መጣ። እኔ መሪውን ይዣለሁ፤ እሱ ያይልኛል። 'አፍንጫዋን ቀና አድርጋት። በቃ። ወደ ግራ ትንሽ። እንደዚያው ያዛት' ይለኛል። ልጅ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው ነበር ድምፁ። አንደኛው ሞተር እየነደደ ነው። መሐል ላይ 'ከፊታችን መንደር አለ፤ ከብት ይታየኛል፤ ዙር' አለኝ፤ ዞርኩ። ከዚያ በላይ እንደማትሄድ ሁለታችንም አወቅን። 'አሁን ዝለል' አለኝ። 'አንተስ?' ስለው 'እኔ ከኋላህ ነኝ፤ አንተ ካልወጣህ መውጫ የለኝም' አለ። የጃንጥላዬን ማሰሪያ በእጁ ፈተሸልኝ፤ አጠበቀልኝ፤ ገፋኝ። ዘለልኩ።"

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

"ወርጄ ብዙም ሳልቆይ ደረሱብኝ። ወታደሮች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጅጅጋ ያደገ ኖሮ አማርኛ ይችላል። 'ጓደኛህ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው' አለኝ። አልዘለለም እንዴ? ስለው፣ 'በምን ይዘላል? ጃንጥላው በፍንጣሪ ተበጣጥሷል' አለኝ። አየሽ አስናቁ፣ የእኔን ሲያጠብቅልኝ የራሱ እንደማይሠራ ያውቅ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢነግረኝ እንደማልዘል ያውቃላ። አብራሪ አልነበረም፤ ግን እኔን ካወረደ በኋላ ብቻውን ሊያሳርፋት ሞክሯል። በሆዷ አሸዋው ላይ አንሸራትቷታል፤ ያው ወታደር ነው የነገረኝ። ሊተርፍ ትንሽ ነው የቀረው።"

"ቀበሩት?" አለች እናቴ።

"እኔ ነኝ የቀበርኩት። ቀኝ ዓይኔም ያኔ ገና አልዳነልኝም። 'ዓይንህ አያይም' አሉኝ፤ 'እጄ አለ' አልኳቸው። ያ ጅጅጋ ያደገው ልጅ አለቃውን ለምኖ አስፈቀደልኝና እጄን ይዞ ወሰደኝ። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነው። ድንጋዩን እሱ ያቀብለኛል፣ እኔ እየዳሰስኩ እደረድራለሁ። ጸሎት ስጀምር ያ ልጅ ቆቡን ሲያወልቅ ሰምቻለሁ።"

"ገረመው፣ ዓይንህ ካላየ እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?"

ይህን ስትል ገባኝ፤ የመጨረሻዋ በር ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ቆማ የጠበቀችው በዚያች ስንጥቅ በኩል ነበር። እጁ ተሳስቶ ቢሆንስ? ሌላ ሰው ቢሆንስ?

"ግራ እጁን ያዝኩት" አለ ሻምበሉ። "ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ጎባጣ ናት።"

እናቴ የራሷን ትንሽ ጣት ወደ ላይ አንሥታ ጎበጥ አደረገቻት። አየቻት። ከዚያ፣ በእግዜር ስም እነግራችኋለሁ፣ ሳቀች።

"ኳስ ሲጫወት ነው የተሰበረችው" አለች። "ወደ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎኝ እኔ ነኝ በጨርቅ ያሰርኩለት። አጣምሜ አሰርኳትና ጠማማ ሆና ቀረች። 'ምልክት አደረግሽብኝ፤ የትም ብጠፋ ታገኚኛለሽ' ይለኝ ነበር።"

ያኔ እንባዋ መጣ። ያን ያህል ዘመን የተጠራቀመ እንባ እንዴት እንደሚወርድ በቃል አልገልጸውም። ሄጄ አቀፍኳት። ሻምበሉ መሬት መሬት እያየ፣ "የበደልኩት ይህ ነው፤ ከአገር ወጣች ሲሉኝ አምኜ ፍለጋዬን መተዌ" ሲል ከእቅፌ ወጥታ እጁን ያዘችው።

"አንተ በሌለ ዓይንህ ቀብረህልኛል። ከዚህ በላይ ማን ምን ያደርግልኛል? ዝም በል።"

እኔም አለቀስኩ። የእኔ ግን ሌላ ነበር። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ አንድ ከባድ ሰው ተነሥቶ የሄደ ነው የመሰለኝ። አባቴ አልከዳም። ለጓደኛው ዓይን ሆኖ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች መንደር አሳልፎ ነው የሞተው።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "ምሕረት፣ ለአቶ ሽኩር ደውዪ" አለችኝ።

አቶ ሽኩር የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ካዛንቺስ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ አሁን ገላን ነው የሚኖሩት።

"ምን ልበላቸው?"

"አስናቀች ባሏ ሞቶባታል በያቸው።"

ደወልኩ። አቶ ሽኩር ነገሩ ግራ ገባቸው። "ባሏ? መቼ?"

"በሶማሊያው ጦርነት ነው። መሞቱን ግን ገና ዛሬ ነው ያወቅነው።"

አቶ ሽኩር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናትሽ ደህና ናት? ማለቴ… ራሷን…"

"ደህና ናት አቶ ሽኩር። አጠገቤ ናት። የቀበረው ሰውም እዚሁ አለ።"

እሳቸውም፣ "እንግዲህ አባላችን ናት፤ ባሏ ሞቷል" አሉ። "ዕድር ለምን ዘገየህ ብሎ አይጠይቅም። ለሚመጣው እሑድ ድንኳኑ ይተከላል። አንድ ነገር ግን እንዳታዝኑብን። ሰዉ ተበትኗል። ከሰፈሩ ከተነሣን ወዲህ ለአንድ ለቅሶ አሥር ሰው ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ጥሩንባችንም አሁን ቴሌግራም ሆኗል።"

ለእናቴ ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ሳምንቱን ሙሉ ስትበላም ስትጸልይም ሐሳቧ እዚያው ነበር። "ማን ይመጣል ብለሽ ነው?" ትለኛለች። "ሰፈሩ የለም። የሚያውቁት ሞተዋል። ያኔ ከሃዲ ነው ሲባል ሰው ሸሸን፤ ዛሬም ድንኳኑ ባዶ ከሆነ ሁለተኛ ነው የሚዋረደው።" ልተወው እንዴ? ያለችበትም ጊዜ አለ። "አንድ ሰው ቢመጣ እንኳ ይተከላል" አልኳት። ውስጤ ግን ከእሷ ይብስ ይፈራ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ቂርቆስ አካባቢ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ፍትሐት ተደረገለት። ካህኑ ስሙን በቤተ መቅደስ ሲጠሩት እናቴ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ከዚያ ከቅጥሩ ውጪ ባለው ባዶ ሜዳ ወደተተከለው ድንኳን ሄድን። እናቴ ያቆየችውን የአባቴን ፎቶ አስጎልቼ መሐል ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ፤ የበረራ ልብሱን ለብሶ፣ የራስ ቁሩን ብብቱ ሥር ይዞ ይስቃል።

ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ተደርድሯል። አቶ ሽኩር ከሁለት የዕድር ሰዎች ጋር አሉ። ሻምበሉ አለ። ሦስት አሮጊቶች አሉ። ሌላው አግዳሚ ባዶ ነው። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሰው የለም። ደመናው ወረደና ማካፋት ጀመረ። አቶ ሽኩር ስልካቸውን እያዩ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እናቴ ፎቶው አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። እኔ በሥራዬ ያልሞላ አዳራሽ ስንቴ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያሳፈረኝ ግን የለም። ምነው ባልገፋፋኋት አልኩ።

ድንገት ከውጭ ጥሩንባ ተነፋ።

የድሮው የካዛንቺስ ጥሩንባ ነፊ ነው። ቦሌ አራብሳ ከገባ ጀምሮ ያየነው ሰው አልነበረም። እየነፋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የወይዘሮ አስናቀች ባለቤት፣ መቶ አለቃ አምዴ ወርቅነህ፣ ለአገሩ ሲዋጋ ወድቋልና ቀብር ያልደረሳችሁ ለቅሶ ድረሱ" ይላል። ወጥቼ ሳይ ከኋላው ሚኒባስ ታክሲዎች ተሰልፈዋል። የገላኖቹ ተሰባስበው ኮንትራት ይዘው መጥተዋል። የቦሌ አራብሳዎቹም እንዲሁ፤ ታክሲያቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው የዘገዩት። እነ ሥጋ ቤቷ፣ እነ ፀጉር አስተካካዩ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ የቀዳን ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በዝናቡ ውስጥ ወረዱ። ቀጥሎ ከቢሾፍቱ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አየር ኃይሎች ናቸው፤ የድሮ ቆባቸውን አድርገዋል፤ ሜዳሊያ ያለው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሰክቷል።

አግዳሚው ሞላ። ሰው ቆመ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ አቶ ሽኩር ሸራ ፍለጋ ሰው ላኩ።

ሻምበል ገረመው ማይክ አልፈለገም። አውሮፕላኗ ውስጥ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሕዝቡ ተናገረ። "የእኔ አለልህ" የሚለው ላይ ሲደርስ ዝናቡ ሸራውን ሲመታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሲጨርስ ወደ ጓዶቹ ዞረና አንዲት ቃል ተናገረ። እነዚያ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ለጎን ሰው እየሰጡ ተሰለፉ። ወገባቸው ቀና። ሻምበሉ እናቴ ፊት ቆሞ እግሩን ገጠመና ሰላምታ ሰጠ።

"መቶ አለቃ አምዴ ወርቅነህ ግዳጁን ፈጽሟል" አለ። "ጓዱንም ለወገኑ አትርፏል። ዘግይተን ነው ሪፖርት ያደረግነው፤ ይቅር በይን።"

ሰልፉ ሁሉ እጁ ግንባሩ ላይ ነው። የሚጠበቀው እናቴ ደረቷን እየመታች እንድታለቅስ ነበር። ሴቶቹም ሊደግፏት ተነሥተዋል። እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ፎቶውን አየችው፤ ሕዝቡን አየችው። ከዚያ እልል አለች።

በለቅሶ ድንኳን ውስጥ። ሴቶቹ ደንግጠው ተያዩ። እናቴ አላቆመችም። አንዷ አሮጊት እንባዋ እየወረደ ተቀበለቻት፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ከአፍታ በኋላ ድንኳኑ ሙሉ እልልታ ሆነ። ወንዶቹ ያጨበጭባሉ፤ አቶ ሽኩር ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ያለቅሳሉ። እኔ እየሳቅኩ ነው የማለቅሰው። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ሠርግ መስሎት ቆሞ ያይ ነበር። እውነቱን ነው። ባሏ ነው የገባው።

ጸጥ ሲል እናቴ፣ "እንኳን መጣችሁለት" አለች። "ከሃዲ ነው ሲሉኝ አፍ አልነበረኝም። ዛሬ እናንተ አፍ ሆናችሁኝ።" ሌላ አልጨመረችም፤ ተቀመጠች። ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ ማንም አልሄደም። ከተበተነ በኋላ ያልተገናኘ ሰው ተገናኘ፤ "አንተ አለህ እንዴ?" የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ገጠመኜ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ከራሴ ልጀምር። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ "ታሞ ሞቷል" አልልም፤ ቁጭ አድርጌ ነው የማወራለት፤ ሥራ ቢኖርበትም አልለቀውም። ሻምበል ገረመው በየበዓሉ ቤታችን ነው። አባቴ ቁመቱ ስንት እንደነበር፣ ሲናደድ ምን እንደሚል፣ ሲያፏጭ ምን ዜማ እንደሚያፏጭ ከእሱ ነው የተማርኩት። በዚህ ዕድሜዬ አባት አገኘሁ ብል አትሳቁብኝ።

ለእናንተም አንድ ነገር ልበላችሁ። በየቤታችሁ ስሙ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠራ፣ ወይ ጨርሶ የማይጠራ ሰው ካለ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቁ። መልሱን ፈርታችሁ እንደሆነ እኔም ፈርቼ ነበር። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ያሳመመኝ ያልሰማሁት ነበር፤ የሰማሁት ግን አዳነኝ።

እናቴን ብትጠይቁኝ ደግሞ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ አባቴ ስታወራ "አምዴ ጎመን አይወድም"፣ "አምዴ ጠዋት መነሣት ይከብደዋል" ነበር የምትለው፤ ልክ ጓዳ እንዳለ ሰው። ከለቅሶው በኋላ አንድ ቀን ገበታ ላይ ተቀምጠን፣ "አምዴ ጎመን አይወድም ነበር" አለች። ራሷም ሰማችው። ጉርሻዋን እንደያዘች ቆም አለች፤ ፈገግ አለችና በላች።